ቶሮንቶ፣ ሞጆና የቀኝ ጉልበቴ

ማክሰኞ ኅዳር 9፣ ጧት 1 ሰ.

ጉልበቴን በጨው ውሃ ዘፍዝፌ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። ቀኙ ነው፤ ሁሌም ቀኙ። ከትናንት ወዲያ እሑድ እንደገና ተቀያሪ ወንበር ላይ ዋልኩ። ሦስተኛ ሳምንቴ። ጤና ቡድን ይሉታል፤ የሚጫወትበት ግን ጤነኛው ብቻ ነው። የአርባ ዓመት ጎረምሶች እኛን ጡረተኞቹን ማልያ አልብሰው ያስቀምጡናል።

ሚኪ ደወለ፣ የሬዲዮው ልጅ። የእሑዱ ስምንት ደቂቃዬ ርዕስ፦ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ካናዳ ገብቶ፣ ቶሮንቶ ላይ ቡድን ሊያቋቁም ይችላል ወይ? አድማጭ ጠይቆ ነው አለኝ። ኧረ አዳማ ተቀምጦ ይኼን የሚጠይቅ ማን ነው! ያቺን ፓፓያ የምትመስል ኳስ በእጄ ነክቼ አላውቅም። እሺ አልኩ። እምቢ ማለትም አቅም ይፈልጋል።

ሌላው ጣጣ የቅዳሜው ነው። የሞጆ ሾፌሮች ቡድን የኛን የአዳማን የጤና ቡድኖች ውድድር ልግባ ብሎ አመልክቷል። ኮሚቴው እኩል ለሁለት ተከፍሏል። ሰብሳቢው እኔ፤ የምወስነውም እኔ። የሞጆውን ውድድር የሚመራው አብዱ ነው፣ የልጅነት ጓደኛዬ። ትናንት ሦስት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳሁም።

ረቡዕ ኅዳር 10

ቀኑን ሙሉ ስልኬ ላይ ማንበብ። ዓይኔ ቀላ። ለካ ካናዶች የራሳቸው ሊግ አላቸው! ጨዋታው ከአሜሪካኑ ጋር ይመሳሰላል፤ ሜዳቸው ግን ይረዝማል፣ ይሰፋልም፤ በአሥራ አንድ ፈንታ በአሥራ ሁለት ይጫወታሉ። ቶሮንቶም የራሷ ቡድን አላት።

ይግቡ ባዮች፦ ከተማዋ ትልቅ፣ ሀብታም፤ ሕዝቡም የአሜሪካኑን በቴሌቪዥን ለምዶታል። አይግቡ ባዮች፦ ትልቁ የገባ ቀን የአገሬው ሊግ ያበቃለታል። የሚከራከረው ባለሀብትና ጋዜጠኛ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ መስመር የሚያሰምረውን ሰውዬ የጠየቀው የለም። አብዱ ትዝ አለኝ። ስልኩን አየሁት፣ በፊቱ ደፋሁት።

ሐሙስ ኅዳር 11፣ 11 ሰ.

ሞጆ ደርሼ መጣሁ። አላስችል ቢለኝ። አብዱ ሜዳው ላይ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ኖራ ያሰምራል። ዕድሜውን በትራንዚተርነት፣ የነጋዴ ዕቃ እያስለቀቀ፣ ጉምሩክ በር ላይ ፈጀ። አሁን ስኳሩ ከሥራ አስቀርቶታል፤ የቀረችው ይቺ ሜዳ ናት። ስልክ ለምን አላነሳህም አላለኝም። አልለመነኝምም። ይኼ ነው የገደለኝ። ሦስት ቡድን ብቻ ነው ያላቸው፤ ሾፌሮቹ ከሄዱ ሁለት ይቀራል። ሁለት ቡድን ውድድር አይደለም፣ ጥል ነው አለና ሳቀ።

ወርቄ፣ ባለቤቴ፣ ያረፈች ጊዜ ሦስቱንም ቡድን በቱታ አሰልፎ የመጣው እሱ ነው። ሦስት ቀን ድንኳኔን ሞልተው ተቀመጡ። የኔዎቹ አዳማዎች በሁለተኛው ቀን ሳስተው ነበር። ይኼ ይረሳል?

ስመለስ የሾፌሮቹ አምበል ገመቹ በመኪናው አደረሰኝ። አካም ጅርታን፣ ጋሽ ተፈራ ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ፤ ትሕትናው አይጣል ነው። ሳምንቱን ሙሉ የጅቡቲ መንገድ ላይ መሪ ጨብጠን፣ እሑድ ደግሞ ያንኑ ሁለት ቡድን፣ ያንኑ ፊት፤ የኛም ዕድሜ እየሄደ ነው አለኝ። እሱም እውነቱን ነው! ሁሉም እውነቱን ከሆነ እኔ የት ልግባ? ደከመኝ።

ዓርብ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ሰፈሩ ቆሻሻውን እያቃጠለ ነው፤ ጭሱ ጉሮሮዬን ያዘኝ። የሬዲዮውን ጽሑፍ ጀመርኩ። ይገባል ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። አይገባም ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ሚኪ ደውሎ፣ ጋሼ ሰው ቁርጡን ነው የሚፈልገው አለ። ቁርጡን ባውቀውማ ለነገም በበጀኝ።

ቅዳሜ ኅዳር 13፣ 6 ሰ.

ይግቡ አልኩ። እጄን አወጣሁ፣ አለቀ። ሰው አትጫወት ተብሎ እንዴት ይከለከላል? አጨበጨቡ። ገመቹ ጉልበቴን ካልሳምኩ አለ፤ የታመመውን። ወጥቼ ለአብዱ ደወልኩ። አያነሳም። ደገምኩ። አያነሳም። የእጄን አገኘሁ።

እሑድ ኅዳር 14

ጧት እንደተለመደው ወንበር ላይ። አራተኛ ሳምንት። ቢቸግረኝ አጠገቤ ያሉትን ጡረተኞች ቆጠርኩ። የሌሎቹንም ቡድኖች ወንበር ዞሬ ቆጠርኩ። አሥራ ስድስት ነን! ማልያ ለብሰን ፀሐይ የምንሞቅ አሥራ ስድስት ሰዎች። ሞጆ እየሄድን እንጫወት፣ ሦስተኛ ቡድን እንሁን አልኳቸው። አንተ ሰውዬ ጤናም የለህ ብሎ የሳቀብኝ አንድ የባንክ ጡረተኛ ነበር፤ ቀድሞ ስሙን ያስጻፈውም እሱ።

ከሰዓት ሬዲዮ። የአሜሪካኑ ሊግ ቶሮንቶ ሊገባ ይችላል፤ ከተማዋም ትችለዋለች፤ ግን ለአገሬው ቡድን ከወዲሁ የሚያስብለት ሰው ይኑር አልኩ። ስምንቱ ደቂቃ በስድስት አለቀ። ሚኪ በዘፈን ሞላው።

ስወጣ ስልኬ ጠራ። አብዱ። የቅዳሜውን ሰምቷል። በይቅርታ ፈንታ አሥራ ስድስት ሽማግሌ ይዤ ልምጣ ወይ አልኩት። ጉልበትህስ? አለኝ። ብሶበታል አልኩ። እንግዲህ የኔ ሜዳ ከናንተ ይረዝማል፣ ለአንተ ጉልበት ብዬ አንድ ክንድ አላሳጥርም አለኝ። እንባዬ መጣ፣ ምን አባቴ ላድርግ።

የሚመጣው እሑድ፣ ጧት 12 ሰ.፣ መነኸሪያ። ኖራውን እኔ እይዛለሁ። መስመሩንም እኔ ነኝ የማሰምረው፤ እሱ ቁጭ ብሎ ይዘዘኝ።