ሲስተር ሊኬሌሊ ሞሃፒ እና ከገዳሙ በር የተመለሱት እንግዳ

ሲስተር ሊኬሌሊ ሞሃፒ እ.ኤ.አ. በ1933 ከአባታቸው ከአቶ ታባንግ ሞሃፒና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማቱሞ፣ በሌሶቶ በማሉቲ ተራሮች ሥር በሃ ሴፎፎ መንደር ተወለዱ። ሊኬሌሊ ማለት በቋንቋችን እንባ ነው፤ አባታቸው ልጃቸውን ሳያዩ በማዕድን ጉድጓድ ሞተው ነበር።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከሁሉ የጎበዙት ግን አያታቸው ባስጠኗቸው በጎሳቸው በአዞ ውዳሴ ነበር፤ የጎሳው ልጅ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ግጥም ነው፤ አንዲት ስንኝ የዘለለ ሰው ከእሳቸው አያመልጥም። በ1952 ገዳም ገቡ፤ በ1960 የበሩ ኃላፊነት ተሰጣቸው።

በሰኔ 1968 የገዳሙ በሬዎች በተሰረቁ በሳምንቱ፣ በረዶ እየጣለ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ የተከናነቡ ሽማግሌ አንካሳ ፈረስ እየሳቡ መጥተው ማደሪያ ለመኑ። ሲስተርም እንደ ወጉ ጎሳቸውን ጠየቁ።

«አዞ ነኝ» አሉ እንግዳው።

«እስቲ ውዳሴውን ያሰሙኝ» ቢሏቸው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቀሩ።

«አባባ፣ ጎሳ የሚሰርቅ ሰው ፈረሱንስ ከየት አመጣው?» ብለው ሲስተር በሩን ዘጉ።

እንግዳው አልተቆጡም። «ደግ አደረጉ እናቴ፣ በር እንዲህ ነው የሚጠበቀው» ብለው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ተራራው ላይ በጥይት ተመተው ተገኙ። ፎቶግራፋቸው በየትምህርት ቤቱ ተሰቅሎ የነበረው፣ ወታደሮች ያሳድዷቸው የነበሩት የቀድሞው ሚኒስትር አቶ ሴኤይሶ ራፖሎ ነበሩ። ያለ መነጽርና ያለ ክራቫት ሲስተር አላወቋቸውም። የራሳቸውን ጎሳ ቢናገሩ ማንነታቸው ይታወቅ ነበርና የሰው ጎሳ ጠሩ።

ከዚያ ወዲህ ሲስተር የማንንም ጎሳ ጠይቀው አያውቁም። አንዱ የገዳሙን ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቢሄድ፣ አለቃቸው ሲቆጧቸው «ይሙቅበት» ብለዋል።

የአቶ ራፖሎ ልጅ ወ/ሮ ንታቢሴንግ በየሰኔው ለአባታቸው ጸሎት ሊያስደርጉ ይመጡ ነበር። «አባቴ ወደናንተ ሲመጣ ነው መንገድ ላይ የቀረው» ይላሉ። ሲስተር አልጋ ያነጥፉላቸዋል፣ ዝም ይላሉ። አርባ ሦስት ዓመት ዝም አሉ። ፈሪነት ነበር፤ ራሳቸውም ስሙን አልሸፋፈኑትም።

የሳንባ ሕመም ሲጠናባቸው የወንድማቸውን ልጅ ጠርተው ሁሉን አስጻፉትና «ይህን ሳታነብ እንዳትቀብረኝ» አሉት። «አይነበብ፣ ይቅር» ብለው እኛን የወንድማቸውን ልጆች የመከሩን ነበሩ። አልቀረም፤ አነበብነው።

ሲስተር ሊኬሌሊ ነሐሴ 9 ቀን 2011 በተወለዱ በ78 ዓመታቸው ዐረፉ። ወንድማቸውን አቶ ቱሞን፣ አራት የወንድም ልጆችንና የማኅበራቸውን እህቶች ትተው አልፈዋል።

ወ/ሮ ንታቢሴንግ፣ ዛሬም መጥተው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። አባትዎ እዚህ በር ደርሰው ነበር። አክስታችን ይቅርታዎን ለምነዋል፤ መልሱ የእርስዎ ነው።

ጎሳ ሳይጠይቅ በሩን የሚከፍት አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል።