አንዲት «አ» እና ሦስት ሄድፎን

ሰኞ፣ ኅዳር 3

አዲሱ አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያው) መጣ። ትንሽ፣ ግራጫ፣ መልከ ጥፉ ሳጥን። አንድ ማዞሪያ፣ አንድ መብራት፣ በቃ። አለቃ «ይሄ ከራሱ ምንም አይጨምርም፣ ምንም አይቀንስም» እያለ ዞረበት፣ ራሱ የሠራው ይመስል። እውነቱን ነው ግን። የሰጡትን ያንኑ ያወጣል። ወገን የለውም።

ስቱዲዮአችን መጻሕፍት በድምፅ ያዘጋጃል። እኔ የተራኪዎቹን ትንፋሽና ምራቅ እየለቀምኩ የማጠፋ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከዚህ ሳጥን ጋር የትኛው ሄድፎን እንደሚስማማ መርጬ እስከ ዓርብ እንድነግረው ታዝዣለሁ።

ሦስት አሉን። ጥቁሩ… ጆሮ ጥርቅም አድርጎ የሚሸፍነው። ወፍራም ወፍራሙን ያበዛል፤ ተራኪዋን በርሜል ውስጥ ከተታት። ሽበቱ… ግራጫ ስለሆነ ነው እንዲህ ያልነው፣ ጀርባው እንደ ወንፊት ክፍት ነው። ማዞሪያውን ገፋ ካላደረጉለት አይነቃም። ሲነቃ ግን ሰውየው አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ነው የመሰለኝ። ትንሿ ደግሞ ጆሮ ውስጥ የምትወተፈው። ገና ሳይነኳት ትጮኻለች። ማንም ሳይናገር እንኳ ሽሽሽ… ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ታጋንናለች። ነጭናጫ። ሁለት ደቂቃ አልታገሥኳትም።

ከሽበቱ ጋር ፍቅር ይዞኛል። ቆቁ (አብሮኝ የሚሠራው፣ ምንም የማያልፈው) «ሠርጉ መቼ ነው?» አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

እህቴ ደወለች። አባዬ ሆስፒታል ገባ።

የእግሩ ጣት ላይ ቁስል ኖሯል። ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ይደብቃል? ለካ ሳይነግረን የሠፈር ክሊኒክ እየሄደ መርፌ ሲወጋ ነው የሰነበተው። ስንናገረው ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ልማዱ ነው። ደግሞ አለመስማቱ የእውነት ይሁን የይምሰል አይታወቅም… ድሮም የስፌት መኪናው ሲንኳኳበት ነው የኖረው።

ዶክተሯ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ አጠገቡ ቁጭ አለች። አልደባበሰችም። ቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ መርዙ ወደ ላይ ይወጣል። «ከዚያ እግር ሳይሆን ሰው ነው የምናጣው።»

አባዬ አፍ አፏን ሲያያት ቆየ። ልብስ ሰፊ ነው። ያንን ፔዳል የሚረግጠው በዚያው በቀኝ እግሩ ነው።

«ላስብበት» አለ። «ነገ እነግራችኋለሁ።»

ነገ…

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

አባዬ ደውሎ ኖሯል። አላነሳሁም። ሽበቱን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ የሰው ትንፋሽ እለቅማለሁ! የድምፅ መልእክት ትቶልኛል።

«ልጄ… አስቤበታለሁ። እግሬ…» የመድኃኒት ጋሪ ኳኳኳ ብሎ አለፈ። «…ይቆረጥ በላቸው። በቃ።»

ይቆረጥ?

ወይስ አይቆረጥ? እግሬ ይቆረጥ… እግሬ አይቆረጥ… ጮክ ብዬ ብቻዬን ደጋግሜ አልኩት። ቶሎ ቶሎ ለሚናገር ሰው ሁለቱ ምናቸው ይለያል? «ሬ» ስትሳብ «አ»ን ትውጣታለች። ጋሪው ደግሞ እዚያችው ላይ ነው የሚያልፈው። አባዬ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቋል።

በሩጫ ሄድኩ። ሌላ ክፍል አዛውረውታል፤ እዚያ ያለ ጭምብል አይገባም።

«አባዬ፣ ስልክ ላይ ምንድን ነው ያልከኝ?»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። ጮህኩ። እህቴም ጮኸች። ነርሷም መጥታ ጮኸች። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዶክተሯ በጭምብሏ ውስጥ ሆና ስሙን፣ ቀኑን፣ ያለበትን ጠየቀችው። ጭምብሏን ብቻ አየ። «ኢንፌክሽኑ አእምሮውን እያወዛገበው ነው» አለችን። «ራሱ መወሰን ካልቻለ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። ከዓርብ ማለፍ የለበትም።»

«ተናግሯል እኮ» አለች እህቴ። «ስልኩ ላይ ተናግሯል።» ወደኔ ዞረች። «ያንተ ሥራ አይደል እንዴ? ስማ!»

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

እህቴን ስቱዲዮ ይዣት መጣሁ። ቆቁ ነገሩ ሲገባው ምንም ሳይቀልድ ወንበር አቀረበላት።

በጥቁሩ ጀመርን። ጋሪው ጆሮ ውስጥ ተንጎዳጎደ፣ አባዬ ከሥሩ ተቀበረ። እኔ «ይቆረጥ» ሰማሁ። በትንሿ ደገምነው። ሽሽሽታው ቃሉ መሐል ገባ። እህቴ ወዲያው ነቀለቻት።

«አይቆረጥ ነው ያለው።»

«እሱ የትንሿ ሽሽሽታ ነው እታለም፣ ዝም ብላ…»

«‹አ› አለ እኮ! ሰምቼዋለሁ።»

ሽበቱን አመጣሁ። ማዞሪያውን ገፋሁ። አሁን አባዬ ከነጉሮሮው መጣ… ምላሱ ድዱን ሲነካ ሁሉ ይሰማል። እግሬ… ከዚያ አንዲት ነገር አለች። ትንፋሽ ናት? «አ» ናት? ቆርጬ ለብቻዋ አወጣኋት። ለብቻዋ ስትሆን ምንም አይደለችም። መልሼ ስሰካት አንዴ ይህን ትሆናለች፣ አንዴ ያንን። ልጠብቃት ስዘጋጅ የጠበቅኳትን ሆና ትመጣለች።

ሳጥኑን በቡጢ ልለው ነበር። ምን አለበት ለአንዴ ወገን ቢይዝ? ምን አለበት ትንሽ ቢጨምር?

«አንተ መስማት የምትፈልገውን ነው የምትሰማው» አለች እህቴ።

«አንቺስ?»

ተነሣች። «እኔ እንዲሞት የምፈልግ ይመስልሃል?» ድምፅዋ ተሰበረ። «የማጥበው እኔ፣ የማበላው እኔ! ጎረቤታችን እግሩ የተቆረጠ ጊዜ አባዬ ‹እኔስ ከነሙሉ አካሌ ልሂድ› ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። አንተ የት ነበርክ?»

በሩን አላትማው ወጣች። ቆቁ ጀርባውን ሰጥቶኝ ገመድ ይጠቀልላል። ያ ገመድ ከተጠቀለለ ቆይቷል።

ፈርቻለሁ። ይቆረጥ ብሎ እኔ ካልሰማሁት ገደልኩት። አይቆረጥ ብሎ ካስቆረጥኩት ደግሞ… ነቅቶ ብርድ ልብሱን ገለጥ ሲያደርግ ምን ብዬ አየዋለሁ?

ሐሙስ፣ አመሻሽ

ቆቁንም አሰማሁት። ሦስቴ ሰማ። «ወንድሜ፣ ይቅርታህን… እኔ ደግሞ ‹ይቆይ› ነው የመሰለኝ» አለኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ቶሎ ልጻፈው።

ጠዋት ስደርስ እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ናት። ሰላምታ የለም። ዶክተሯ ከቀዶ ጥገናው ክፍል እስክትመለስ ጠብቁ ተብለናል፤ ስትመጣ አንድ ቃል ትፈልጋለች። እህቴ አፏ ደርቆባት ጭምብሏን ወደ አገጯ ሳበችና ውሃ ተጎነጨች። እንደዚያው ሆና ብርጭቆውን ወደሱ አሳየችው።

«ትጠጣለህ አባዬ?»

«ትንሽ ስጪኝ» አለ።

ሁለታችንም ደርቀን ቀረን። ጭምብሏን መለሰችና «አባዬ፣ እግርህን እንዴት እናድርገው?» አለችው። ጣሪያውን አየ። ጭምብሏን አወረደች። «አመመህ?» «አሞኛል እንጂ!»

አልተወዛገበም። አይሰማም! አፍ ነው የሚያነበው። ስንት ጊዜ ሲያነበን ኖሮ ይሆን? እኛ ደግሞ አፋችንን ሸፍነን መጣንበት። ነርሷን ጠራኋት። ክሊኒክ ሲወጋ የሰነበተው የትኛው መርፌ እንደሆነ ጠየቀችን፣ እህቴ ባዶ ብልቃጡን ከቦርሳዋ አወጣች። «ይሄማ አንዳንዴ ጆሮ ይጎዳል» አለች ነርሷ። «ድሮም ደከም ያለ ከነበረ…»

ይህን ያህል ቀን የአባቴን ድምፅ ስበረብር… የኔ ድምፅ እሱ ጋ መድረሱን አንዴ እንኳ አላሰብኩም። ሥራዬ ይሄ ነው እንግዲህ!

በአፍ ብቻ ስለ ውሃ እንጂ ስለ እግር መነጋገር አይሆንም። ዓይኑ ደግሞ ጽሑፍ ከተወ ቆይቷል። ቆቁ ጋ ደወልኩ። ሳጥኑን፣ መቅጃውን፣ ማይክሮፎኑን፣ ሦስቱንም ሄድፎን በፌስታል ይዞ በታክሲ ደረሰ። ነርሷ «ሬዲዮ ጣቢያ ልትከፍቱ ነው?» አለች፣ ግን ሶኬቱን ራሷ ለቀቀችልን።

ሽበቱን አደረግኩለት። የምወደውን። ለሱ ጆሮ እንዲበቃ ማዞሪያውን ስገፋው ድምፁ በወንፊቱ ሾልኮ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ገባ። ፉጨት! ክፍሉ በሙሉ ጆሮውን ያዘ፣ ከአባዬ በቀር። ጥቁሩን አደረግኩለት። አላፏጨም። «አባዬ ትሰማኛለህ?» ፊቱን አኮሳተረ። «መኪና አለ» አለ። ወፍራሙ ብቻ ነው የሚደርሰው፤ ቃል አይሆንለትም።

ዶክተሯ በሩ ላይ ቆማለች። ሰዓቷን አየች።

ትንሿ ቀረች። ነጭናጫዋ። በሁለቱም ጆሮው ወተፍኩለት። ሽሽሽታዋ ያሳብደዋል ብዬ ማዞሪያውን ከዜሮ በፍርሃት ገፋሁ… ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም። ለካ ያ ቀጭን ሽሽሽታ እሱ ጆሮ ውስጥ የለም። እሱ ያጣው ያንኑ ቀጭን ቀጭኑን ነው፣ እሷ ደግሞ የምታጋንነው ያንኑ። እኔን ያስጠላኝ ሁሉ ለሱ ልክ ነው።

«አባዬ!»

ዘለለ። «ቀስ በል አንተ! ምን ያስጮህሃል?»

እህቴ ሳቀች ይሁን አለቀሰች አላውቅም። «ማነው የሚያለቅሰው?» አለ።

ማይክሮፎኑን ለዶክተሯ ሰጠኋት። ስሙን ጠየቀችው። ነገራት። ቀኑን ጠየቀችው። «ቀኑንማ እናንተ ንገሩኝ፤ እዚህ መስኮት የለም» አላት። ሁሉንም እንደገና አስረዳችው፣ ቀስ ብላ። አዳመጠ። ከጉልበት በታች መሆኑን ሁለቴ አስደገማት። ፔዳል በግራ እግር ይለመዳል ወይ አላት። «ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይለመዳል» አለችው።

«እንግዲያው ቁረጡት።»

ራሱን ስለማይሰማ ጮኾ ነው የተናገረው። ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ። ቁረጡት። «አ» የለ፣ «ይ» የለ።

እህቴ ማይክሮፎኑን ከዶክተሯ ነጠቀች። «ስልኩ ላይስ ምን ነበር ያልከው?»

«አይቆረጥ ነበራ ያልኩት።» አየን፣ ተራ በተራ። «ኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ። የሚጠይቀኝ አጣሁ እንጂ።»

እህቴ ልክ ነበረች። በትክክል ሰምታ ነበር። እሷን ሰምተን ቢሆን ደግሞ…

አልጨርሰውም። ሊያስገቡት መጡ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ከቀዶ ጥገናው በደህና ወጥቷል። ትኩሳቱ ወርዷል። ዶክተሯ «እስካሁን ጥሩ ነው» አለች፤ ከሷ አፍ ይሄ ብዙ ነው። ብርድ ልብሱ በቀኝ በኩል ቶሎ ያልቃል። እዚያ ጋ ማየት አልቻልኩም፣ ከዚያ ቻልኩ።

ለአለቃ ለሥራችን ሽበቱ እንደሚሻል ጻፍኩለት። ሳጥኑ ግን ሆስፒታል ስለሆነ ትንሽ ታገሠን አልኩት። «በቁም ነገር ነው?» አለ። በቁም ነገር ነው።

እህቴ ትራሱን ታስተካክላለች፣ እኔ ማይክሮፎኑን ይዣለሁ። የሐሙሱን አላነሣንም። ስገባ ግን «በልተሃል?» አለችኝ፣ ሳልመልስ ግማሽ ዳቦዋን ሰጠችኝ።

አባዬ ነቅቶ ትንሿን ራሱ ወተፋት። ከዚያ ጠየቅኩት።

«ለምን ቀየርክ ግን አባዬ? ሐሳብህን።»

ጣሪያውን አየ።

«እናንተ መጥታችሁ ትቆማላችሁ። አፋችሁ የለም። ድምፅ የለም። የነርሷ ጋሪ ያልፋል፣ እሱም ድምፅ የለው። ሞቼ ነው ብዬ አሰብኩ። የምሬን ነው! ሞት ለካ እንዲህ ነው፣ ሰው ሁሉ መጥቶ ዝም ብሎ ያይሃል አልኩ። ላረጋግጥ ብዬ በእጄ እግሬን ጫን አደረግኩት።»

«እሺ?»

«አመመኝ» አለ። «እንዴት ደስ አለኝ መሰለህ!»