በስልክ የሚጫረተው ሰው

ለእህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? የሦስት ዓመት ዝምታ በአንድ ሰላምታ እንደማይሞላ አውቃለሁ፤ ግን ከየት ልጀምር? በብርድ ጊዜ የሚያምሽ ጉልበትሽ ተሻለሽ? ባልሽስ ደህና ነው? ትልቋ ልጅሽ በቁመት በልጣሻለች አሉ፤ የአክስታችን ልጅ ናት የነገረችኝ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች። እንዲያውም ይህን ደብዳቤ ሳትጽፍ እራት የሚባል ነገር የለም ብላ ወረቀቱን ከፊቴ ያስቀመጠችው እሷ ናት። አባባ አሉ። ስለ እሳቸው በኋላ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ግን አንጀቴን ያሳረረውን ነገር ልተንፍሰው፤ አለዚያ እፈነዳለሁ።

የአባባ ጥሩምባ ተገኘ። አዎ፣ ያው ጥሩምባ፤ በጦሩ ውስጥ ሲነፉት የኖሩት፣ ጡረታ ሲወጡም ጓደኞቻቸው የሰጧቸው። አባባን ከድሮው ቤት ወደ እኔ ቤት ስናዛውር፣ አንቺ ጓዳውን ስታጸጂ ከነቆርቆሮ ሣጥኑ ለአሮጌ ዕቃ ገዢ የሰጠሽው። ሣጥኑ ባዶ መስሎሽ እንደነበር ያኔውኑ ነግረሽኛል። እኔ የመለስኩልሽንም ታስታውሽዋለሽ፤ አባታችንን ለቁራጭ ብረት ሸጥሻቸው ነበር ያልኩሽ፣ ያውም በስልክ፣ ቤት በሞላ ዘመድ ፊት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ስልኩን ዘጋሽ፣ እኔም ዘጋሁ፣ እንደተዘጋ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ምን ስሠራ እንደነበር አታውቂም። የጨረታ ቤት ደጃፍ ስረግጥ ነው የከረምኩት። የድሮ የጦር ዕቃ ይሸጣል በተባለ ቁጥር አንዴ የታመምኩ፣ አንዴ ሰው የሞተብኝ እየመሰልኩ ከሥራ ፈቃድ እየጠየቅሁ እሄዳለሁ። ጥሩምባው የለም። ባዶ እጅ መመለስ ደግሞ ያሳፍራል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ኮዳ፣ አንድ ቀን የቀበቶ ዘለበት፣ አንድ ቀን የተሰነጠቀ ኮምፓስ እየያዝኩ እገባለሁ። ባለቤቴ፣ ቤቱን የጦር ሰፈር አደረግኸው፣ የቀረኝ ጠዋት ጠዋት ተሰልፌ ስሜን ማስጠራት ነው ትለኛለች። ሳላውቀው በሽታው ያዘኝ መሰለኝ። አሁን አንድ አዝራር አይቼ የመኮንን ይሁን የተራ ወታደር ልነግርሽ እችላለሁ። ለማን እንደሚጠቅም አትጠይቂኝ።

ሰብሳቢዎቹን ብታዪያቸው! አንዱን ባለ ቁሩ እንለዋለን፤ ዘጠና የራስ ቁር አለው፣ ራሱ ግን መላጣውን ለፀሐይ ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ሌላው ሜዳልያ ይሰበስባል፤ አንድ ቀን ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ ስለ ውጊያ ሲያወራ ግን ከጉድጓድ አሁን የወጣ ነው የሚመስለው። የሰው ላብ ያረፈበትን ዕቃ በነጭ ጓንት ይዘው ያሸቱታል። እኔም ከእነሱ አንዱ ሆኛለሁ፤ እሱም ያናድደኛል።

ባለፈው ወር የዕቃው ዝርዝር በፖስታ መጣልኝ። ገጹን ስገልጥ፣ በሁለት የራስ ቁር መካከል፣ የአባባ ጥሩምባ! ዝርዝሩን ይዤ ብድግ አልኩ። ከሥሩ የተጻፈውን ሳነብ ግን ደሜ ፈላ። በውጊያ መሃል ሲነፋ በጥይት የተመታ ይላል። በጥይት! አንገቱ ላይ ያለውን ስርጉዳት እኮ ነው የሚሉት። እማማ ብርድ ልብስ ስታወርድ ከቁም ሣጥን ላይ ወድቆ የተሰረጎደውን! አባባ በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎታቸው ያን ጥሩምባ የነፉት ለመቀስቀሻ፣ ለምሳና ለመኝታ ነው። ሰው ሲሞት ሳላይ ጡረታ ወጣሁ ብለው የሚያመሰግኑ ሰውዬ ናቸው፤ እነሱ ግን ጥይት አስተኮሱባቸው።

ዕቃው ለእይታ በሚቀርብበት ቀን ሄጄ ዝርዝሩን ለጻፈው ሰው ነገርኩት። ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ይህ የባለሙያ ግምት ነው አለኝ። የባለቤቱ ልጅ ነኝ አልኩት። እዚህ የሚመጣው ሁሉ የባለቤቱ ልጅ ነው፣ ማስረጃ አለህ ወይ አለኝ። እህቴ፣ ሰው የአባቱ ልጅ ለመሆን ደረሰኝ ይቆረጥለታል? ባለ ቁሩ ወደ ጎን ሳበኝና፣ ዝም በል፣ ጥይት የሌለበት ጥሩምባ ማንም አይገዛም፣ ለአንተም ይረክስልህ ነበር፣ ግን ዝርዝሩ ታትሞ ተበትኗል፣ ያለፈ ነገር ነው ብሎ መከረኝ። እውነቱን ነው። ያ ውሸት ነው በኋላ ያቃጠለን።

ያቃጠለኝ ማለቴ ነው።

የጨረታው ቀን ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። አዳራሹ ጠባብ ነው፤ ወንበሮቹ የሚታጠፉ፣ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ይንቀጠቀጣል። በግራ በኩል ረጅም ጠረጴዛ ላይ ስልክ የያዙ ሠራተኞች ይቀመጣሉ፤ መምጣት ያልቻለ ወይም መታየት ያልፈለገ ሰው በእነሱ በኩል ይጫረታል። እነዚህን በስልክ የሚጫረቱትን ድሮም አልወዳቸውም። ፊት የላቸውም፣ ሲሸነፉ ሲቀሉ አታዪያቸውም።

የጥሩምባው ተራ ሲደርስ፣ አጫራቹ ገና አፉን ሳይከፍት አንዷ ሠራተኛ ስልኩን እንደያዘች ተነስታ ወደ ዕቃው ሄደች። ጥሩምባውን አነሳችና ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሠራተኛዋ ግን በስልኩ፣ አዎ፣ ውስጡ አንድ ነገር ይንኳኳል አለች።

ይህ ዝርዝሩ ላይ የለም። ባለሙያ ተብዬውም አያውቀውም። የአባባን የደንብ ልብስ አዝራር አንዲት የማውቃት ሕፃን በጥሩምባው ሰፊ አፍ የከተተችውን፣ እስከ ዛሬም ሊወጣ ያልቻለውን፣ በዓለም ላይ የሚያውቁት አራት ሰዎች ናቸው። አንዷ ሞታለች። አንዱ አልጋ ላይ ናቸው። አንዱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

በስልክ የሚጫረተውን ሰው ስም አልጠራም። እኔ እንደ ሆንኩ ማንንም አልከሰስኩም። ግን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ያን ጊዜ የመጫረቻ ቁጥሬ ያለበትን ሰሌዳ ጭኔ ላይ አስቀምጬ መውጣት ነበረብኝ። አእምሮዬ ይህን ነግሮኛል። እጄ ግን ተነሳ። መጀመሪያ አጥፍቶ፣ ኋላ ደግሞ አምጥቶ የተመሰገነው ልጅ ሊሆን ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሦስት ዓመት አቧራ የላስኩት እኔ፣ ከሶፋው ሳይነሳ በስልክ የሚወስደው እሱ! እልህ ምላጭ ያስውጣል ይሉ የለ፤ ዋጥኩት።

እኔ ስጨምር ስልኩ ይጨምራል፤ ስልኩ ሲጨምር እኔ። ባለ ሜዳልያው ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተወው። የሞኝ ልጅ የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኛ ደግሞ የአባታችንን ዕቃ እርስ በርስ ተሻምተን ለሌላ ሰው ኪስ ተጫረትንለት። ይቅርታ፣ እኔና ሰውዬው ማለቴ ነው። በመጨረሻ ስልኩ ጸጥ አለ። ሠራተኛዋ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ እያሉ ነው ብላ ለአጫራቹ ተናገረች። እሱም ጠበቀ። አዳራሹ ሁሉ ጠበቀ። ከዚያ ሠራተኛዋ ራሷን ነቀነቀች፤ በቃቸው ማለት ነው። መዶሻው ወረደ፣ ሰዎች አጨበጨቡልኝ፣ ባለ ቁሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። በማሸነፍ ማፈርን ታውቂያለሽ? ለጠላትሽም አይስጠው።

ያን ያህል ገንዘብ የለኝም። ጨረታው ላይ ሳለሁም እንደሌለኝ አውቅ ነበር። ጨረታ ቤቱ ደግሞ ለመክፈያ የሚሰጠው ሦስት ቀን ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ቢሮ ገብቼ አልችልም አልኳቸው። ኃላፊዋ እንደ ተማሪ አቁማ ተቆጣችኝ፤ ለመጫረት ያስያዝኩትን ገንዘብ ወረሱ፣ ሁለተኛ ደጃችንን እንዳትረግጥ አሉኝ። ይህም ነደደኝ። በጥይት ውሸት ዋጋ የሚያስወድዱ ሰዎች ስለ ታማኝነት ሊያስተምሩኝ! ግን ዋጥ አድርጌ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ አሸናፊው ካልከፈለ ዕቃው የማን ይሆናል? በደንባችን መሠረት ለሁለተኛው ተጫራች፣ እሱ በጠራው የመጨረሻ ዋጋ እናቀርብለታለን አሉኝ።

እንግዲህ ለዚያ ሰው ይደውሉለታል፤ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይሆናል። ኩራተኛ ሰው ነው፤ የተጣለ ዕቃ አላነሳም ብሎ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንዳይዘጋ እፈራለሁ። መዝጋት ይችልበታል። ድንገት የምታውቂው ከሆነ ንገሪልኝ፤ ዋጋውን በእልህ ያስወደድኩበት እኔ ነኝ፤ ኮዳውን፣ ዘለበቱን፣ ኮምፓሱን፣ ያለኝን ሁሉ ሌላ ጨረታ ቤት አስገብቼ፣ ሲሸጥ ገንዘቡ ለእሱ እንዲደርሰው ፈርሜያለሁ። ባለቤቴ ከደስታዋ ብዛት መደርደሪያውን በዚያው ቀን ቀለም ቀባችው። ይህንም ንገሪው፤ ያን ቀን በዘመድ ፊት የተናገርኩት ነገር ሦስት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ቆመ ነው። ታላቅ ነኝ ብዬ ነው ያልዋጥኩት፣ ታላቅ ነኝ ብዬ ነው ያልተፋሁት። ታላቅነት እንዲህ ከሆነ ይቅርብኝ።

አሁን ስለ አባባ። ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ዘመድ ካላችሁ አስጠሩ አለኝ።  ምግብ ከማንኪያ በላይ አይወስዱም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ይነቃሉ፤ ያን ጊዜ ሁሉን ያውቃሉ፣ እንዲያውም ይቀልዳሉ። ከሰዓት በኋላ ግን እኔን ከሟች ወንድማቸው ጋር ያምታቱኛል። ስለዚህ የሚመጣ ሰው ጠዋት ቢመጣ ይሻላል። ቁልፉ በሩ ላይ ነው፤ ማንኳኳት አያስፈልግም።

ትናንት ጠዋት አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ጥሩምባዎ ተገኘ፣ ልጅዎ ገዝታዋለች፣ እሷው ታመጣልዎታለች አልኳቸው። መቼ ነው የምትመጣው አሉኝ። በዚህ ሳምንት አልኳቸው። ትራሱን ከፍ አድርግልኝ፣ በሩ ይታየኝ አሉ። ስለ ጥሩምባው አንድ ቃል አልጠየቁም።

መንገዱን ያቅናልሽ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ለቤትሽ ሰላሙን አያሳጣው። ትራሱ ዛሬም እንደ ትናንቱ ከፍ እንዳለ ነው።

ታላቅ ወንድምሽ