ወደ ግራ የሚስበው መሪ

ይድረስ ለወንድሜ፣

አንተ፣ ባለቤትህ፣ ልጅህ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ባልሆንም ከዚያ ሆነህ የምታደርግልኝ ስለሌለ ደህና ነኝ ብልህ ይሻላል። ወገቤ ብቻ እናታችንን ሳነሳና ሳስተኛ ኖሮ አልታዘዝ ብሎኛል። እሷ ካረፈች ዓመት አልፏታል፤ ወገቤ ግን ገና አላመነም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ከቀብሯ ወዲህ የመጀመሪያህ ስለሆነ ናፍቄው ነው ብዬ በደስታ ቀደድኩት። ለካ አንተ ካፒቴኑ ዕቃ ተበላሽቶብህ ነው!

ያን አሮጌ ኮምፒውተር እስካሁን አለመጣልህ ገርሞኛል። መሥሪያ ቤቴ አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ ለምኜ ያመጣሁልህ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሁሉ፣ የኪቦርዱ ፊደል ሳይቀር፣ ለመሥሪያ ቤታችን ማሽን የሚሸጡት የውጭ አገር ሰዎች ቋንቋ ነበር። እኔ የማሽኖቹን መመሪያ ስተረጉም ስለምውል አነበዋለሁ፤ አንተ አንድ ቃል አታውቅም። ቢሆንም የበረራ ማለማመጃውን ጫንኩልህ፣ የእጅ መሪውን፣ ጆይስቲኩን፣ ሰካሁልህ፣ የትኛው ቁልፍ ሞተር እንደሚያስነሳ፣ የትኛው ጎማ እንደሚያወርድ በወረቀት ጽፌ ለጠፍኩልህ። የበረራ ትምህርት ቤቱ ፈተና እስኪደርስ ከዚያ ወንበር አልነሳ አልክ። እናታችን ከአልጋዋ ሆና ካፒቴን ዛሬ የት አረፍክ እያለች ትቀልድብህ ነበር።

ከዚያ አውሮፕላኑ ወደ ግራ መሳብ ጀመረ፤ ስክሪኑ ላይም ቢጫ ጽሑፍ ወጣ፣ አንብቢልኝ አልከኝ። አሁን ከሃያ ዓመት በኋላ ልጅህም ላይ እንዲሁ ሆነ አልከኝ። ከዕቃ ቤት አውጥታ፣ አቧራውን አራግፋ በተቀመጠች በሁለተኛው ቀን ያው ቢጫ ጽሑፍ ወጣባት። የእጃችን ነገር በዘር የመጣ ይመስለኛል፣ ሐሙስ የበረራ ትምህርት ቤቱን ፈተና ተፈትና ከምትዋረድ እኔው ላስቀራት ብያለሁ፣ ብቻ እንዳልሳሳት ጽሑፉን አንብቢልኝ ብለህ ፊደሉን አንድ በአንድ ገልብጠህ ልከሃል። ጥሩ ገልብጠኸዋል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው መስመርህ ቀጥ ያለ ነው።

ያን ጊዜ የነገርኩህን አልረሳኸውም። ጽሑፉ የአብራሪው እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ለበረራ አይሆንም ይላል ብዬህ ነበር። እጅህን ዘርግተህ ብዙ አየኸው። ትኩር ብለው ሲያዩት የማይንቀጠቀጥ እጅ የት አለ? በማግስቱ ሄደህ ማመልከቻህን ከበረራ ትምህርት ቤቱ አነሳህ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጅህ ከኪስህ አይወጣም። ልጅህ ስትወለድም እጥላታለሁ ብለህ ሳታቅፋት ወር እንደሞላት ባለቤትህ በስልክ ነግራኛለች። ሰው ይህን ሰምቶ ማልቀስ ነበረበት። እኔ የእናታችንን አንሶላ እያጠብኩ ነበርና አላለቀስኩም።

እንግዲህ አንብቢልኝ ካልክ ላንብብልህ። «መሪው መሃሉን ስቷል። እጅዎን ያንሱና እንደገና ያስተካክሉ» ይላል። ይኸው ነው። ስለ እጁ ባለቤት የሚለው ነገር የለም።

ማስተካከሉም ቀላል ነው። ከጆይስቲኩ ሥር፣ በጎን በኩል፣ ጥፍር የምታህል ጥርሳም መዘውር አለች። ያን ጊዜ አንተው ሳታውቅ ነክተሃት ነበር። ወደ ቀኝ አዙራት፤ ነጯ መስመር ላይ ስትደርስ ተዋት። ቀጥሎ ከቢጫው ጽሑፍ በታች ካሉት ሁለት ሳጥኖች የቀኙን ተጫን፤ መሪውን ወደ አራቱም ማዕዘን ወስደህ መልሰውና ልቀቀው። አረንጓዴ ምልክት ከመጣ አበቃ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔም ላይ አልፈጀም። ማመልከቻህን ልታነሳ የሄድክ ዕለት ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ አስተካከልኩት፤ አስነሳሁት፤ ከተማውን በሙሉ ዞሬ ቀጥ ብዬ አረፍኩ። ደስ ይላል፣ አልዋሽህም። የእግርህን ኮቴ ስሰማ መዘውሯን ወደ ግራ መልሼ አዞርኳት።

ለምን ብለህ አትጠይቀኝ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። አባታችን ሞቷል፣ እናታችን ከአልጋ አትነሳም፣ አንተ ልትበር ነው። እኔስ? ሐኪሙ ገና ብዙ ዓመት ትኖራለች ሲለን አንተ ደስ አለህ፤ እኔ ግን ዓመቱን ቆጠርኩ። ምን ዋጋ አለው፣ እጄ አመድ አፋሽ ነው። ዓመት ሳይሞላ ሥራ አገኘሁ ብለህ ወጣህ። በአውሮፕላን ባትሄድም በአውቶቡስ ሄድክ። ያውም መጋዘን ውስጥ ሳጥን ልትመዘግብ! ለዚህ ለዚህማ ብትበር ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የካፒቴን እህት እባል ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ብቻዬን አነሳኋት፣ ብቻዬን አስተኛኋት። አንተ ለመቃብሯ ደረስክ እንጂ ለሕመሟ አልደረስክም።

በዚህ ሁሉ ዓመት ይህን ቋንቋ የሚያነብ አንድ ሰው ጠፋ ወይ? ለአንድ ሰው ብታሳየው ኖሮ እኔም ተገላግዬ ነበር። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ዛሬስ አውቆ መጣ እያልኩ ኖርኩ። አንተ ግን እኔን አመንከኝ። ይቅር ያላልኩህ ይህንኑ ነው።

በልጅህ ቂም የለኝም። አሁን ምርጫው ያንተ ነው። ይህን ደብዳቤ ቀደህ ጥፋቱ የእጅሽ ነው ብትላት ማንም አያውቅብህም። ታምንሃለች። ከአጠገብህ ትቀመጣለች፤ አልጋ ላይ ስትውልም የምታነሳህ እሷ ናት። መዘውሯን ካዞርክላት ግን ሐሙስ ታልፋለች፣ ካለፈች ትሄዳለች፣ ከሄደች ደግሞ እንዳንተ በዓመት አንዴ ትደውል ይሆናል። ቤቱ ጸጥ ሲልብህ፣ ምሳ ለስንት ሰው እንደሚሠራ ግራ ሲገባህ፣ ያን ጊዜ ጻፍልኝ።

አዙርላት ወንድሜ። እኔ የማውቀውን አንተም እወቀው።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ልጅህን በሰላም ያውጣት፤ አንተን በሰላም ያስቀምጥህ።

ታላቅ እህትህ