ጥጃችን ከእናንተ ቀድሞ የመረመረው ወንበር

ለተከበሩ የሕፃናት ዕቃ ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጌታዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎ ደኅና ነው? ወገብዎስ? ቀኑን ሙሉ ሲቀመጡ ይውላሉ ሲሉኝ አዝኜ ነው የምጠይቅዎ። እኔ ሐረገ ወይን፣ ንፋስ መውጫ ከገበያው በላይ ያለሁት የመልካሙ አያት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። መልካሙም ገና በዳዴ ነው፤ ደኅና ነው።

ልጄ ትዕግስት ከዑስማን ሱቅ የገዛችው ያ ባለረጅም እግር የልጅ ማብሊያ ወንበር ቀበቶው በራሱ እየተፈታ ልጅ ይጥላልና ተመላሽ ይሁን ብላችሁ ማስታወቂያ በማውጣታችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅር አይበልዎና ጥቂት ልናገር።

1ኛ. ማስታወቂያውን የለጠፋችሁት በቢሯችሁ በር ጀርባ ነው። በሩ ሲከፈት ወረቀቱ ከግድግዳው ጋር ይሳሳማል፤ ሲዘጋ ደግሞ የሚያዩት እናንተው ናችሁ። ለሌላ ጉዳይ መጥቼ ንፋሱ በሩን ባይዘጋብኝ ኖሮ እኔስ የት አየው ነበር? ወረቀቱን ከፀሐይም ከሰውም ስለጠበቃችሁት ተባረኩ።

2ኛ. ያን ቀበቶ መጀመሪያ ሳየው፣ እንዲህ ያለ ጥሩ ማሰሪያ የልጅ ገንፎ ሊፈስበት ነው ብዬ ሳሳሁለትና ፈትቼ ጥጃ አሰርሁበት። መልካሙን በመቀነቴ አሰርሁት። ጥጃው ሌሊቱን ተፈትቶ ላሚቱን ጠብቶ ጨረሳት፤ ያውም ከሁዳዴ ወጥተን ወተት አማረን ባልንበት ሰሞን። ደግሜ አሰርሁት፣ ደግሞ ተፈታ። ሌባ ብዬ ሰደብሁት፤ ለካ ምርመራ ላይ ኖሯል። የእናንተ ወረቀት የወጣው ለፍልሰታ ነው። ጥጃው ደመወዝ የለውም፣ አበልም አልጠየቀ።

3ኛ. «ከነካርቶኑ አቅርቡ» ይላል ወረቀቱ። ካርቶኑ ውስጥ ዶሮዋ እንቁላል ታቅፋለች። ልነካት ብል ትነቁረኛለች። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ቢጽፉላት ምናልባት ትነሣ ይሆናል፤ እኔን እንደሆነ አትሰማኝም።

ቁጥሩን ከዚህ በኋላ ተውሁት። ጎረቤቴ ካሣነሽ የልጅ ልጇን ያንኑ ወንበር ላይ አስቀምጣ ውኃ ልትቀዳ ትወጣ ነበር፤ ሮጬ ነገርኋት። እስቴ ያለችው የወንድሜ ልጅ ትርሲትም ገዝታለች፤ እሷንም በስልክ አገኘኋት። ዑስማንን ብጠይቀው «ኧረ እማማ፣ ለእኔስ ማን ነገረኝና» ብሎ ወንበሮቹን እዚያው ፊቴ ከመደርደሪያ አወረደ። የማላውቀውን ቤት ልጅ ግን ማን ይድረስለት? እባክዎ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ይነገር። ቅዳሴ ሲያልቅም ዐውደ ምሕረቱ ላይ ይነገር፤ ካህናቱ በግ ሲጠፋ እንኳ ይናገሩልናል፣ ለልጅማ አይሰስቱም።

ጤናና ዕድሜ ከማይፈታ ማሰሪያ ጋር የምመኝልዎ፣ ሳይነሡ ሁሉ የሚሠራልዎት ጌታ እኔንም ከደጅዎ መመላለስ እንዲያሳርፈኝ የምለምን፣

ሐረገ ወይን፣ ከነጥጃዋ

ይቺን ረስቼ፦ በሩ የተዘጋብኝ ዕለት ጎን ያለውን የሠራተኞቻችሁን ልጆች ማቆያ አየሁት። ያው ወንበር፣ ያው ቀበቶ፣ አንድ ጉንጫም ልጅ ተቀምጦበታል። የማን ነው ብል የእርስዎ ነው አሉኝ። በመቀነቴ ጥፍር አድርጌ አስሬው፣ እኔ ቀሚሴን በእጄ ሰብስቤ ወጣሁ። መቀነቴን ይመልሱልኝ፤ ብቻ መጀመሪያ ልጁን ያውርዱት።