ፍርድ ከታች ወንበር ይጀምራል

ይድረስ ለባሌ ለባላምባራስ ዘለቀ፣ በራጉኤል ቅጥር ከኮሶው ዛፍ ሥር ለተኛኸው። ከተለያየን ዓመት ሞላን። እንዴት ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም፤ እንዴት እንደከረምክ ምስጡ ያውቃል። እኔ ደህና ነኝ። ላሞቹ ደህና ናቸው። ትናንት ሙት ዓመትህን አወጣን። የመጣው ሁሉ በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ፣ ከእኔ በቀር።

በሕይወትህ ሳለህ አንቱ ስልህ ኖርኩ። ዛሬ አንተ እልሃለሁ። ሞት ሹመትህን ሽሮታልና ቅር አይበልህ። ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ደብተራው ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ እርሱ ይጽፋል። ገና ብዕሩን ሲያጠቅስ፣ “እመይቴ፣ ሙት ወቃሽ አይሁኑ፣ ትንሽ ላለዝበው” አለኝ። አንድ ቃል ብታለዝብ ምሳህን ለውሻ እሰጠዋለሁ አልኩት። ይኸው አጎንብሶ ይጽፋል።

መጀመሪያ የሰፈሩን ወሬ ልንገርህ። እንጦጦ ራቁቷን ቀርታለች። ጥዱ ለቤት፣ ለአጥርና ለማገዶ እየተባለ አለቀ፤ ጭራሮ ለመልቀም የካ ድረስ እንወርዳለን። ጌታህ ደጃዝማቹም ብርዱ ሰልችቷቸው ከነሠራዊታቸው ወደ ፍል ውሃ ወርደዋል። ሸንጎው አሁን ሜዳው ላይ ነው የሚቀመጠው። እንውረድ አንውረድ ተብሎ በተመከረ ጊዜ የሰጠኸው ቃል ትዝ አለኝ። ጌታው ካባቸውን ደርበው ተራራውን እያዩ ነበርና “ከእንጦጦ የሚሻል ምሽግ የለም፣ እዚሁ እንሙት” አልክ። ወዲያው ከፍል ውሃ ታጥበው ፊታቸው በርቶ በተመለሱ ጊዜ ደግሞ “ሰው በተራራ ላይ የሚኖር ጦጣ ነው እንዴ?” ብለህ ሸንጎውን አሳቅኸው። አንተ ግን እዚሁ ቀረህ። በመጀመሪያው ቃልህ ያጸናህ ሞት ብቻ ነው።

ስለ ወንበርህ ለማያውቅ ሰው ይነገር፤ ይህን ደብዳቤ ደብተራው ለሰው ማንበቡ አይቀርምና። ሸንጎ ሲፈርድ ከታች ይጀምራል። ትንሹ ሹም ቀድሞ ተነስቶ ፍርዱን ይሰጣል፣ ከእርሱ በላይ ያለው ይቀጥላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይወጣና በመጨረሻ ጌታው ያጸድቃሉ ወይም ይሽራሉ። አባቶች ይህን ሥርዓት ያወጡት ትንሹ የትልቁን ቃል ሰምቶ ፈርቶ እንዳይፈርድ ነው ይባላል። አባቶች አንተን አላወቁህም።

የመጨረሻው ወንበር ያንተ ነበር፣ እስክትሞትም ከዚያ አልተነሳህም። የጌታውን ቃል ቀድመህ መስማት ስለማትችል ኩታቸውን ማንበብ ተማርክ። ኩታቸው ከትከሻቸው ወረድ ካለ ራርተዋል። የዝንብ ጭራቸውን ቶሎ ቶሎ ካወዛወዙ ነገሩ ሰልችቷቸዋል። አፋቸውን ከሸፈኑ ተቆጥተዋል። ማታ ማታ እግሬን ብብትህ ውስጥ ከተህ እያሞቅክ ይህን ሁሉ ታስተምረኝ ነበር፤ እኔም ሞኟ ባሌ አዋቂ ነው ብዬ እኮራ ነበር። የባልቴቷን የድንበር ክርክር ታስታውሳለህ? ምስክር አላት፣ ድንጋዩ የአባቷ ነው። አንተ ግን ያን ዕለት ጧት ባላጋራዋ ለጌታው በቅሎ ማምጣቱን አይተሃልና ለእርሱ ፈረድክለት። የቀፎው ሙግት ላይማ “ቀፎው የሚገባው” ብለህ ስትጀምር ጌታው ሳሉ፤ አፍህ ወደ አንዱ ሊሄድ ተዘጋጅቶ ሳለ ለሌላው ሰጥተህ ተቀመጥክ። ማር የተበላው ወዲያው ነው፣ ለእኛም ደርሶናል።

ይህ ብቻ ቢሆን ባንተ አብቅቶ ነበር። ግን “ዘለቀ የጌታውን ልብ ያውቃል” የሚል ስም ወጣልህ። ከዚያ በኋላ የበላዮችህ ተሟጋቹን መስማት ተዉ፤ ዓይናቸው አንተ ላይ ሆነ። አንተ ያልከውን ቀጣዩ ይደግማል፣ እርሱን ሌላው ይደግማል። ጌታውም ሸንጎው ሁሉ በአንድ ቃል መስማማቱን ሲያዩ ያጸድቃሉ። ከሁሉ ታናሽ ሳለህ የአገሩ ፈራጅ አንተ ሆንክ፣ አንተም ኩታ ነበርክ የምታየው።

አሁን ወደ ወንድሜ ወደ ቱፋ ልምጣ። መምጣቴ እንደማይቀር ታውቃለህ።

የቤታችንን ምሰሶ ምስጥ በላው። ያኔ ጌታው የጥዱ ደን እንዳያልቅ ነጋሪት አስጎስመው ከልክለው ነበር፤ የደፈረ ሸንጎው እንደፈረደበት ይገረፋል ወይም እጁን ያጣል። አንተ ቱፋን ከየካ አስጠርተህ “ወፍራም ጥድ ቁረጥልኝ፤ ለእኛ አይከለከልም፤ ቢመጣም እኔ አለሁ” አልከው። ቆረጠ። ተሸክሞ አመጣ። ምሰሶውን ሲያቆም አንተ ከሥር ደግፈህ ነበር። የደኑ ጠባቂ ጉቶውን አግኝቶ፣ አጣርቶ ቱፋን ያዘው፣ ለማን እንደቆረጠ ግን አላወቀም። ቱፋም ሸንጎ ቀርቦ ለማን እንደሆነ ሲጠየቅ ዝም አለ። ምን ያስፈራዋል? ቀድሞ የሚፈርደው የእህቱ ባል ነው።

እኔ ከሴቶቹ ጋር ከአጥሩ ሥር ቆሜ አይቼሃለሁ። ተነሳህ፣ ጌታውን አየህ። ኩታቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ዓይናቸው ቀልቷል። ከዚያ ቱፋን ሳታይ “አዋጅ የደፈረ እጅ ይቆረጥ” አልክ። ቀጣዩ እጁ ይቆረጥ አለ። ከእርሱ በላይ ያለው እጁ ይቆረጥ አለ። ጌታው አፋቸውን ሳይገልጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተቆረጠ እጅ ደሙ እንዲቆም የፈላ ቅቤ ውስጥ ይነከራል፤ ቅቤውን የሚያመጣ ዘመድ ነው። ዘመዱ እኔ ነኝ። ከማጀቴ አውጥቼ፣ አንጥሬ፣ ተሸክሜ ሄድኩ። አንተ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊትህን የምታዞር ሰው ነህና ጩኸት አልችልም ብለህ ቤት ቀረህ፣ ከምሰሶው ሥር።

ሳምንት ሳይሞላ የደጃዝማቹ ወጥ ሠሪ ምንጭ ላይ አገኘችኝ። ያን ዕለት ጌታው ጥርሳቸውን አሟቸው፣ መንጋጋቸው አብጦ፣ ብርድ እንዳይነካው ተከናንበው ነበር አለች። በማግስቱ ሲነቀልላቸው ተሻላቸው። ሙግቱን እንኳ የሰሙት አይመስለኝም አለች። ቤት ገብቼ ነገርኩህ። ጉርሻህን አላቆምክም። “ጥርሱን የሚያመው ሰውም እኮ ይቆጣል” አልከኝ። ያን ጊዜ ጠላሁህ። ሌት እግሬን ስታሞቅልኝ ደግሞ እንደገና ወደድኩህ፣ ይህንንም ይቅር አልልህም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ለቱፋ አልነገርኩትም፤ እጅህ በጥርስ ሕመም ሄደ ብሎ ለወንድሙ የሚነግር ማነው?

ግራ ይገባኝ የነበረው ከዚያ ወዲያ የቱፋ ነገር ነው። በየበዓሉ ከየካ እየወጣ ጉልበትህን ይስም ነበር። ሌባ ተብሎ የታጨችለት ልጅ ቀረችበት፣ ማረሻ መያዝ አቃተው፣ እርሱ ግን አንተን ይመርቃል። የዋህነት ይመስለኝ ነበር። ትናንት ገባኝ።

ትናንት ከምሳ በኋላ ከላይኛው ወንበር ይቀመጡ የነበሩት ሽማግሌው ፊታውራሪ ተነሱ። ደጃዝማቹ አልመጡም፤ ሙክት ልከው ብርዱን አልችልም አሉ። ፊታውራሪው “ወንድማችንን በወንበሩ ሥርዓት እናስበው፤ ከታች ጀምረን እያንዳንዳችን እንፍረድለት። የቤቱ ራስ አሁን እመይቴ ናቸውና ማጽደቅ የእርሳቸው ነው” አሉ። ሁሉም ወደደው። ከታች ማን አለ? ከበሩ ሥር፣ ከየኔ ቢጤዎቹ ጎን የተቀመጠው ቱፋ።

ቱፋ ተነሳ። “ጋሼ ባላምባራስ ደግ ሰው ነበሩ” አለ። “ጌታው ሊሰቅሉኝ ቆርጠው ነበር። ጋሼ ይህን አውቀው፣ እጁ ይብቃ ብለው ቀድመው ፈርደው አንገቴን አተረፉልኝ። እሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል፣ ለማንም አታውራ ብለውኝ ነበር። ዛሬ ባወራው አይቀየሙኝም።” ከዚያ አለቀሰ።

ዘለቀ፣ እጁን ወስደህ ምስጋናውንም ወሰድክ? ጉልበትህን ሲስም ቁልቁል ታየው አልነበረም እንዴ?

ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ደግ ነበሩ አለ። ቀጣዩም ደግ ነበሩ አለ። እያለ እያለ ፊታውራሪው ጋ ደረሰ፣ እርሳቸውም እንባቸውን ጠርገው ደግ ነበር አሉ። አሠልጥነሃቸው ሄደሃል። ከዚያ ሁሉም እኔን አየ።

አላጸድቅም አልኩ። አዋጁ ጅራፍና እጅ እንጂ ገመድ እንዳልነበረበት ነጋሪቱን የሰማ ሁሉ ያውቃል፣ ጌታው ጥርሳቸውን አሟቸው ነበር አልኩ። ጥዱ የተቆረጠው ለባሌ ነው፣ አሁን ሁላችሁ የተቀመጣችሁት ሥሩ ነው ብዬ ምሰሶውን በመዳፌ መታሁት። ሹማምንቱ ምን እንደሚሉ ቸግሯቸው ወደ ራስጌ ተመለከቱ። ራስጌው ባዶ ነው። የሚያዩት ኩታ ቢያጡ አንድ በአንድ ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። ቱፋ ይህን እንደሰማ ከሁሉ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። አላየኝም።

ሌሊቱን እንደ አንተ እርሱንም አጣሁት እያልኩ አደርኩ። ወንድም የሚባል ሌላ የለኝም። ጧት ግን በሬዎቹን እየነዳ፣ መጥረቢያ በትከሻው ይዞ መጣ። ደህና አደርሽ እንኳ አላለኝም። “ዕቃሽን አውጪ” አለኝ። ጠየቅኩት እንዳይመስልህ፤ አወጣሁ። ማሰሮውን፣ ወንበርህን፣ አልጋውን፣ ሁሉንም ከደጅ ደርድሬያለሁ። ይህን የምነግርህ አልጋህ ላይ ተቀምጬ ነው፣ በግቢው መሃል፣ ፀሐይ ላይ። ቱፋ ከውስጥ በግራ እጁ ምሰሶውን እየቆረጠ ነው። አንድ እጅ ለጥድ አይበቃም፣ ቀስ ይላል። በመታ ቁጥር ከክዳኑ ጥላሸት ይረግፋል፣ ደብተራውም ብዕሩ ይስታል። ለዚህ ጽሕፈቱ ቢጣመም በእርሱ አትፍረድ።

ቤቱ ይወድቃል። ይውደቅ። ጌታህ ለሌላ ወታደር የሚሰጡት ቤት አያገኙም፣ ለእኔም የቀረልኝ የለም። ወርጄ የካ፣ በአባቴ ቤት፣ ከቱፋ ጋር እኖራለሁ። ጥዱንም እንወስደዋለን። ሌባ ነው ላሉት ከደጁ ያጋድመዋል፣ መቀመጫ ይሆነዋል።

ሙት ዓመትህ ወጥቷልና ከእንግዲህ ሰው ይረሳሃል። ልጅ የለህም፤ በሸንጎውም የሚያነሳህ አይገኝም፣ ሁሉም ትናንት የሰማውን እንዳልሰማ ሊሆን ይሽቀዳደማል። እኔ ግን አልረሳህም፤ ይህን እምልልሃለሁ። ጾም ጸሎት አላበዛልህም፣ መቃብርህም አልመላለስም። የማስታውስህ በሌላ ነው።

መጥረቢያው ቆሟል። ቱፋ ምሰሶውን ከግማሽ በላይ ቆርጦታል፣ የቀረውን በሬዎቹ ይጎትቱታል። ገመዱን አዙሮበታል፤ ግን ቋጠሮ በአንድ እጅ አይታሰርም። ጧት መታጠቂያውን፣ ማታ የጥጃውን ማሰሪያ የሚያስርለት ሰው ያስፈልገዋል፣ እስኪሞት ድረስ፣ በየቀኑ። ያን ጊዜ ሁሉ አስብሃለሁ።

ከውስጥ “እህቴ፣ ነይ እሰሪልኝ” እያለ ይጠራኛል። ልነሳ።