ግማሽ እጣ

ነሐሴ 12
ዝናብ። ከለቡ ከሥራ ስመለስ ታክሲው ውስጥ መስኮት ጥግ አገኘሁ። መስታወቱ ጉም ለብሷል፤ በጣቴ ቤት ሳልኩበት። ሰፊ መስኮት፣ ደረጃ... ሰው የለበትም። ረዳቱ "እህት፣ ሂሳብ!" ሲለኝ ደረጃውን እየወጣሁ ነበር።
ኮሌጁ ተቀብሎኛል። አርክቴክቸር፣ የማታ። የቀረው ብር ብቻ ነው። "ብቻ" ስል ራሴን አሳቀኝ።

ነሐሴ 16
አጎቴ ኮርሳ መጣ። የመሬት ደላላ ነው፣ እጁ አያጥረውም። "የትምህርቷን ሁሉ በአንዴ እከፍላለሁ። የቤታችሁ ካርታ ግን እኔ ጋ ይቀመጥ፤ ለመተማመን ያህል ነው።"
እርሻችን ለግንባታ ከተወሰደ የቀረችን ይህቺ ቤት ናት። አባዬ ድሮ ሽምብራ ይዘራበት የነበረው ቦታ ላይ አፓርታማ ቆሟል፤ እሱም እዚያው ጥበቃ ነው። አባዬ ወደ እኔ ዞረና "ኢንተላ ኮ፣ ካርታውን ላምጣለት?" አለኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለቱ ነው።
አይሆንም አልኩ። እንዴት ከአፌ ወጣ? አጎቴ ተቀይሞ ሄደ።

ነሐሴ 21
ከምሠራበት የሴራሚክ ሱቅ ጎን እትዬ ዙሌካ መጋረጃ ትሸጣለች። የሳምንት እቁባችን ዳኛ እሷ ናት። የመጀመሪያውን እጣ ለእኔ ይሁን በይልኝ ብዬ ለመንኳት።
"ዋስሽ ማነው? በልተሽ ብትቀሪ ማን ይጥላል?"
"አባዬ።"
"ኮሌጁ ለዓመቱ ስንት ይልሻል?"
የእጣው ግማሽ ነው አልኳት።
"ታዲያ ሙሉ ምን ያደርግልሻል?"
ላፕቶፕ... ኮሌጁ አጠገብ ትንሽ ክፍል ኪራይ... ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት። ስነግራት ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ፣ መጋረጃ ሁሉ መርጫለሁ። ከእሷው ሱቅ!
ሳቀች። "ልጄ፣ እቁብ የሚበላው አንድ ቀን ነው። የሚጣለው ግን በየሰኞው ነው ወላሂ።"
እልህ ያዘኝ። ለሙሉ እጣ ተመዘገብኩ።

ጳጉሜን 3
ሩፋኤል። የሰፈሩ ልጆች ዝናቡ ውስጥ ይጨፍራሉ። እኔም ወጣሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ። እማዬ የወተት ባልዲዋን ለጠበሉ አውጥታ ደቅናለች፤ እያየችኝ ሳቀች። የእቁቡ አባላት ተስማምተዋል፣ መጀመሪያ የምበላው እኔ ነኝ። ውሃው ፊቴ ላይ ሲወርድ ያቺ ክፍል ታየችኝ።

ጳጉሜን 4
ዛሬ ሰኞ ነው፣ የአባዬ የእረፍት ቀን። ቤት የተኛ መስሎኝ ነበር። በታክሲ መስኮት አየሁት፤ አንድ ጅምር ሕንፃ ሥር ብሎኬት ይሸከማል። አባዬ! በዚያ ወገቡ!
ማታ ጠየቅኩት። "ዋስ አይደለሁ እንዴ? ብትታመሚስ? ከሥራ ብትወጪስ? ሰው ፊት ባዶ እጄን ልቁም?" እንደ ቀላል ነገር ነው የሚያወራው።
እኔ ክፍሌን በፀሐይ ስሞላ እሱ ብሎኬት ይቆጥራል። አፈርኩ።

መስከረም 2
"እትዬ ዙሌካ፣ ግማሽ ይበቃኛል።"
ጫማ ነጋዴዋን ሀኒፋን ጠራችና እጣውን ለሁለት አካፈለችን።

መስከረም 12
ሰኞ እጣዬን በላሁ። በዚያው ቀን ከፈልኩ። አባዬን "ከደሞዜ እየቆረጥኩ ብጥልም ለታክሲ ይተርፈኛል፤ ብሎኬቱን ተወው" አልኩት። አፍጥጦ አየኝ። "እውነትሽን ነው?" እውነቴን ነው።
የራሴ ክፍል የለኝም። ኮምፒውተሩን ኮሌጁ ውስጥ ወረፋ ይዤ ነው የምጠቀመው። ግን ስለ ደረጃ ተማርን... ሰው ሳይደክመው የሚወጣው ደረጃ እንዴት እንደሚሠራ።

ጥር 18
ጫማዬን አሰፋሁ። መግዛት አማረኝ፤ ግን ነገ ሰኞ ነው።

ሰኔ 23
የመጨረሻው ሰኞ። ጣልኩ፣ አለቀ! ለሁለተኛ ዓመትም ግማሽ ጠየቅኩ። "ዋሴ አባዬ..." ስል እትዬ ዙሌካ በእጇ አስቆመችኝ።
"በየሰኞው ስትመጪ አይቻለሁ። አንቺ ዋስ አያስፈልግሽም።"
ሮጬ ቤት ገባሁ። ነገርኩት። "ያለ ዋስ?" አለ። ደግሞ ጠየቀኝ፣ "ያለ እኔ?" ከፋው ወይስ ደስ አለው? ከዚያ ሳቀ። ዝናቡ ትንሽ ጋብ ብሎ ፀሐይ ወጥታ ነበርና በረንዳው ላይ ጋደም አለ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። በቀን ብርሃን! እንዲህ ሲተኛ አይቼው አላውቅም።
ደብተሬን አወጣሁ። ሰፊ መስኮት ሳልኩ። ከመስኮቱ ሥር የተኛ ሰው ሳልኩ። ስጨርስ ነው የገባኝ፤ በሳልኳቸው ቤቶች ውስጥ ሰው ሲኖር ይሄ የመጀመሪያው ነው።